ጨጓራው ሳይወጣ ካንሰሩ እንዲወጣ፦ ለጎንደር የጤና ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጎንደር ከተማ ጤና መምሪያ፣
ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥራ ኃላፊዎች፣
እንዲሁም ከጨጓራ ሕመም ጋር ለምትኖሩ የከተማዬ ሰዎች፣

ጤና ይስጥልኝ።

የምሠራው በዚህችው ከተማ፣ በአንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ካንሰርን መመርመርም ሆነ ማከም የእኔ ድርሻ አይደለም። ግን ሐኪሞች ብዙም የማያገኙትን ሰው እኛ በየቀኑ እናገኘዋለን። ሐኪም ቤት ሳይረግጥ ለዓመታት የጨጓራ መድኃኒት የሚገዛውን ሰው ማለቴ ነው። «ልጄ፣ ያችን የጨጓራዋን ስጭኝ» ይላል። ኦሜፕራዞል መሆኗን ሁለታችንም እናውቃለን። ዐቢይ ጾም ሲገባ ይመጣል። ፋሲካ አልፎ ዶሮ ወጡ ሲያቃጥለው ይመጣል። ረመዳን ላይም ይመጣል። የምጽፍላችሁ ስለ እሱ ነው።

ነገሩ በአጭሩ ይህ ነው። የጨጓራ ካንሰር ገና በጅምሩ ከተገኘ ሆድ ሳይከፈት፣ ጨጓራውም ሳይወጣ፣ ኢንዶስኮፒ በሚባል፣ በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ ሊወገድ ይችላል። ዛሬ የተፈለሰፈ ነገርም አይደለም። ጃፓኖች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሲሠሩበት ቆይተዋል። የእኛ ችግር የሚጀምረው ከቢላው በፊት ነው። ካንሰሩን ለዚህ ሕክምና በሚመች ጊዜ የሚያገኘው የለም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ምርመራ የሚወስደውን መንገድ ክፈቱልን፤ ባለሙያውንና መሣሪያውን ከዚያ እንጠይቃለን። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ውድ ዕቃ ገዝቶ አቧራ ማልበስ ይሆናል። እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ ሁላችንም አይተናል።

ኃላፊዎቹ የምታውቁት ቢሆንም፣ ለአንባቢው ስል አሠራሩን ልናገር። የጨጓራ ግድግዳ ድርብርብ ነው። ከውስጥ በኩል ስስ ሽፋን አለው። ከሱ ሥር ላላ ያለ፣ ደም ሥር የሚበዛበት ድርብ አለ። ከዚያ ቀጥሎ ጡንቻው ይመጣል። ካንሰሩ የሚነሳው ከውስጠኛው ሽፋን ነው። ጡንቻው ጋ ሳይደርስ፣ በእነዚህ ሁለት ድርቦች ውስጥ እያለ ከተገኘ «ጅምር ካንሰር» ይባላል። ይህን ወሰን የጃፓን ሐኪሞች ያስቀመጡት እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ካንሰሩ በውስጠኛው ሽፋን ብቻ ከተወሰነ ወደ ሊምፍ ዕጢዎች የመዛመቱ ዕድል በጣም አነስተኛ ነው። ካልተዛመተ ታዲያ ጨጓራውን ሙሉ ማውጣት ለምን?

በግ ሲገፈፍ ያየ ሰው አሠራሩን ቶሎ ይረዳዋል። እግሩ ላይ ተበስቶ ሲነፋ ቆዳው ከሥጋው ይለያል፤ ከዚያ በኋላ ቢላው ሥጋውን ሳይነካ ይሄዳል። ሐኪሙም በኢንዶስኮፒው ካሜራ እያየ በሽታው ያለበትን ቦታ መጀመሪያ ዙሪያውን በነጥብ ምልክት ያደርጋል። ቀጥሎ ከሽፋኑ ሥር ፈሳሽ ይወጋል። ብዙ ጊዜ ፈሳሹ ውስጥ ሰማያዊ ቀለም ይጨመራል፤ ድርቡ ተለይቶ እንዲታይ ነው። ቦታው ያብጥና ከጡንቻው ይርቃል። ከዚያ በኤሌክትሪክ በምትሠራ ትንሽ ቢላ ዙሪያውን ይቆርጥና ከሥሩ ቀስ እያለ ይልጠዋል። የሚደማውን ደም ሥር እዚያው በዚያው ይተኩሰዋል። በሽተኛው ይህን ሁሉ አያውቅም፤ በማደንዘዣ ተኝቷል። ሐኪሞቹ ኢኤስዲ ይሉታል። ቶኪዮ በሚገኘው ብሔራዊ የካንሰር ማዕከል የተሠራች አንዲት ቢላ ጫፏ ላይ የሴራሚክ ኳስ አላት። ኳሷ ጫፉ ጡንቻውን እንዳይበሳ ትከላከላለች። ትንሽ ብልሃት ናት፤ ሥራውን ግን በጣም አቅልላዋለች።

ከዚያ በፊት የነበረው አሠራር በሽቦ ቀለበት አንቆ መቁረጥ ነበር። ትንንሹን ያነሳል። ሰፋ ያለውን ግን በቁርጥራጭ ነው የሚያወጣው። ቁርጥራጭ ሲሆን ዳር ዳሩ ንጹሕ መሆኑን ማረጋገጥ ይቸግራል። ኢኤስዲ አንድ ወጥ አድርጎ ያወጣዋል። የወጣው ሽፋን ሰሌዳ ላይ በመርፌ ይወጠርና ፓቶሎጂ ክፍል ይሄዳል። እዚያ በስሱ እየተቆረጠ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ዳሩ ንጹሕ ነው? ምን ያህል ጠልቋል? ደም ሥር ወይም የሊምፍ ቧንቧ ውስጥ ገብቷል? መልሱ ጥሩ ከሆነ ሰውዬው ጨጓራውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ጥሩ ካልሆነ ወደ ቀዶ ሕክምናው ይኬዳል። ያ በር አልተዘጋም።

ለሁሉም ሰው አይሆንም፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ማታለል ይሆናል። ጡንቻ ውስጥ የገባ ካንሰር በዚህ አይወጣም። ስፋቱ፣ የሴሉ ዓይነት፣ ላዩ ላይ ቁስል መኖር አለመኖሩ ሁሉ ይታያል። አደጋም አለው። ሊደማ ይችላል። ጨጓራው ሊበሳም ይችላል። ሲበሳ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው በኢንዶስኮፒው በኩል በክሊፕ ይዘጋል፤ አንዳንዴ ግን ቀዶ ሐኪም ይጠራል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪም በሌለበት ቤት የሚሞከር ሥራ አይደለም። ከሕክምናው በኋላ የሚቀረው ቁስል በሁለት ወር ገደማ ይድናል። የሚያድነው ማን መሰላችሁ? ያችው ኦሜፕራዞል እና ዘመዶቿ ናቸው። ቦታዋ ላይ ስትውል ጥሩ መድኃኒት ናት።

በጅምሩ ተገኝቶ በደንብ የታከመ ሰው ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው። ከአሥሩ ዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ይገኛሉ። ዘግይቶ፣ ሌላ አካል ጋ ደርሶ ከተገኘ ግን አብዛኛው ሰው አምስት ዓመቱን አያይም። ይህን ልዩነት የሚያመጣው በአብዛኛው የተገኘበት ጊዜ ነው።

ጨጓራው ሙሉ በሙሉ የወጣለት ሰው እንዴት እንደሚኖርም እናስብ። ይኖራል፤ ብዙዎች ይኖራሉ። ግን በአንዴ ጠግቦ መብላት የለም። ጥቂት ጥቂት፣ በቀን ብዙ ጊዜ ነው። ጣፋጭ ነገር ሲበላ ልቡ ይመታል፣ ያልበዋል፣ ያዞረዋል። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን በምግብ አይገባለትምና ዕድሜ ልኩን መርፌ ይወጋል። ክብደቱ ይቀንሳል። ከተማ ላለ ቢሮ ሠራተኛ ከባድ ነው። ለወገራ ወይም ለደምቢያ ገበሬ፣ ማለዳ በልቶ እስከ ማታ ሲያርስ ለሚውል ሰው፣ ሌላ ሕይወት መጀመር ነው። መርፌውስ ከየት ይመጣል? የሚፈለገው እኛው ጋ ነው። አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም።

አሁን ወደ ኦሜፕራዞሏ ልመለስ። አሲድ ትቀንሳለች፣ ቃጠሎ ታስታግሳለች። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጅምር የጨጓራ ካንሰር ብዙ ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። ካሳየም ተራ ማቃጠልና መነፋት ነው። መድኃኒቱ እሱን ያበርደዋል። እንዲያውም ካንሰሩ ላይ ያለው ቁስል ለጊዜው የዳነ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሰውዬው «ተሻለኝ» ይላል፤ እውነቱን ነው፣ ተሽሎታል። በሽታው ግን ሥራውን ይቀጥላል። ከጭልጋ በኩል የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። ሁሌም አንድ ወር የሚበቃቸውን ገዝተው ይሄዱ ነበር። ኢንዶስኮፒ አሳዩ ሲባሉ «መኸሩ ይግባና» ይሉ ነበር። በኋላ ልጃቸው የሕመም ማስታገሻ ሊገዛ መጣ፤ ወረቀቱን አይቼ ነገሩ ገባኝ። እሳቸውን ለይቶ ወደ ምርመራ የሚልክ ሥርዓት ቢኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላውቅም። ሥርዓቱ እንዳልነበረ ግን አውቃለሁ።

ጨጓራ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያም አለ። ኤች ፓይሎሪ። ባሪ ማርሻል እና ሮቢን ዋረን የተባሉ አውስትራሊያውያን እ.ኤ.አ. በ1982 አገኙት። ሰው አላምን ሲላቸው ማርሻል ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ታመመ። በ2005 ኖቤል ተሸለሙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። በአገራችን የተሠሩ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከተመረመረው ሰው ግማሽ ገደማ ይገኝበታል። አትደንግጡ፤ ባክቴሪያው ካለባቸው ሰዎች ካንሰር የሚይዛቸው በጣም ጥቂቶቹ ናቸው። ነገር ግን በእነዚህ ጥቂቶች ላይ ነገሩ ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። ሽፋኑ ለብዙ ዓመታት ይቆጣል፣ ይሳሳል፣ የአንጀት ሽፋን ወደ መምሰል ይለወጣል፣ ከዚያ ይበላሻል። አሥርት ዓመታት ይፈጃል። በርበሬ ላይ የምናሳብበውን ያህል ባክቴሪያው ላይ ብናተኩር ጥሩ ነበር። ሲጋራ፣ ጨው የበዛበት ምግብና በቤተሰብ ውስጥ ይህ ካንሰር መኖሩም ይቆጠራሉ።

ምርመራው ላይም ብዙ ይበላሻል። የደም ምርመራው ባክቴሪያው ዛሬ ይኑር ወይም ድሮ የነበረ ይሁን አይለይም። የሰገራው ይሻላል። እሱም ቢሆን ኦሜፕራዞል እየወሰዱ ከተደረገ «የለብህም» ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ሁለት ሳምንት ያህል አቋርጦ ነው መመርመር ያለበት፤ ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በኋላ ደግሞ አራት ሳምንት። ይህን ለደንበኛ ስንነግር የሚሰማን ጥቂት ነው። የታዘዘለትን የመድኃኒት ጥምር ሰባተኛው ቀን ላይ «ተሽሎኛል» ብሎ የሚያቋርጠውም ብዙ ነው። ከሕክምና በኋላ ተመልሶ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ሰውማ ብርቅ ነው።

ጃፓን እና ደቡብ ኮሪያ ያደረጉትን ሁሉ እናድርግ እያልኩ አይደለም። ኮሪያ ዕድሜው 40 ለሞላ ሰው በየሁለት ዓመቱ የጨጓራ ምርመራ ታቀርባለች። እዚያ የጨጓራ ካንሰር በጣም የበዛ ነው፤ ገንዘቡም አለ። እኛ ጋ ሴቶቻችንን ይበልጥ የሚያጠቃው የጡትና የማህፀን በር ካንሰር ነው። አፍሪካ ውስጥ ባክቴሪያው በዝቶ የጨጓራ ካንሰር ግን ያንን ያህል አለመመዝገቡን ተመራማሪዎች «የአፍሪካ እንቆቅልሽ» ይሉታል። ስለ ባክቴሪያው ዝርያ የሚያወሩ አሉ፣ ስለ አመጋገብ የሚያወሩ አሉ። ኢንዶስኮፒ ያላገኘ ሰው ካንሰሩም አይቆጠርም የሚሉም አሉ። እኔ ካለሁበት ቦታ ሲታይ ለዚህ የመጨረሻው ሐሳብ ጆሮዬን እሰጣለሁ።

ስለዚህ ሕዝቡን ሁሉ መርምሩ አልልም። የምለው፣ ማን ቅድሚያ ማግኘት እንዳለበት አንድ ገጽ የማይሞላ መመሪያ አውጡ ነው። ዕድሜው ከፍ ያለና አዲስ የጨጓራ ሕመም የጀመረው ሰው። ሳያስበው የከሳ። ሲውጥ የሚይዘው። ሰገራው የጠቆረ ወይም ደም ያስመለሰ። ምክንያቱ ሳይታወቅ ደም ያነሰው። ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ በጨጓራ ካንሰር የታመመ። ከእነዚህ አንዱን የሚያሟላ ሰው አዘዞም ይሁን ማራኪ፣ ጤና ጣቢያ ሲመጣ ሌላ ኦሜፕራዞል ሳይሆን የሪፈር ወረቀት ይሰጠው። ምልክት ባይኖረው እንኳ ለዓመታት መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የኖረ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይታይ። መድኃኒት ቤቶችንም በዚህ አስገቡን። የምንሞላው ቀላል ቅጽ ስጡን፣ ወደየት እንደምንልክ ንገሩን። እኛ ለመላክ ዝግጁ ነን፤ የሚቀበለው በር የቱ እንደሆነ ነው የማናውቀው።

ኢንዶስኮፒውም ራሱ ጥድፊያ አይወድም። ጅምር ካንሰር ጎልቶ አይታይም። ትንሽ የቀላ፣ ወይም ትንሽ የገረጣና የጎደጎደ ቦታ ነው። አረፋና ንፍጥ ሸፍኖት ካሜራው ያልፈዋል። የአውሮፓ ባለሙያዎች መመሪያ መሣሪያው ከገባበት እስከሚወጣ ቢያንስ ሰባት ደቂቃ እንዲፈጅ ይመክራል። ከውጭ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ካንሰር ከተገኘባቸው ሰዎች ከአሥሩ አንዱ ገደማ ባለፉት ሦስት ዓመታት ውስጥ ኢንዶስኮፒ ተደርጎለት ሳይታይ ያለፈ ነው። በሠለጠነው ዓለም ይህ ከሆነ፣ ወረፋው ኮሪደር ሞልቶ ሲጠብቅ የሚሠራ ሐኪም ምን ያህል ሊያመልጠው እንደሚችል መገመት ነው። ሐኪሞቻችንን መውቀሴ አይደለም። ለአንድ ሰው የሚሰጡት ጊዜ እንዲበቃቸው አድርጉ ማለቴ ነው። የናሙናው ውጤትም ቶሎ ይምጣ። ፓቶሎጂው ካልፈጠነ የቀረው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል።

ባለሙያ ማሠልጠኑ ጊዜ ይፈልጋል። ኢኤስዲ በአንድ ሳምንት አውደ ጥናት የሚለመድ አይደለም። ሐኪሙ መጀመሪያ ጅምር ካንሰርን አይቶ መለየት ይማራል። ቀጥሎ የተካነ ሰው ሲሠራ ይመለከታል። ከዚያ በአሳማ ጨጓራ ላይ ይለማመዳል። ጎንደር ላይ አሳማ ከየት ይመጣል ብላችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ እሱን ሠልጣኙ የሚሄድበት አገር ይጨነቅበት። ለማንኛውም ሁለት ወጣት ሐኪሞች፣ አንድ ፓቶሎጂስት እና የኢንዶስኮፒ ነርሶች አብረው እንዲሠለጥኑ ነው የምጠይቀው። አንድ ሐኪም ብቻውን ሠልጥኖ መጥቶ ረዳት ስላጣ ሥራውን ትቶ ሲሄድ፣ ወይም ውጭ ሲቀር፣ አዲስ ነገር አይሆንም። ጃፓን ይህን ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2006 በጤና መድህን ውስጥ ካስገባች በኋላ ነው በየሆስፒታሉ የተስፋፋው። እኛም ጋ ማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን ያለው ሰው ለኢንዶስኮፒና ለናሙና ምርመራ ከኪሱ ምን ያህል እንደሚከፍል በግልጽ ይነገረው። ሰው የሚቀረው ዋጋውን ስለማያውቅም ጭምር ነው።

ሆስፒታላችሁ ከየት እንደተነሳ እናንተም ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1953 የደምቢያ ሜዳ በወባ ሲመታ ሺዎች አለቁ። በማግሥቱ ዓመት እዚህ ጎንደር ላይ የጤና ኮሌጁ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ ነርስ እና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድ ቡድን እየሠለጠኑ ወደ ገጠር ወጡ። በሽተኛ እስኪመጣ አልጠበቁም፤ ሄደው ፈለጉት። እኔ የምጠይቃችሁም ይህንኑ የለመዳችሁትን ነው።

አገልግሎቱ እዚህ እስኪደራጅ ድረስ ጅምር ካንሰር የተገኘበት ሰው ወዴት እንደሚላክ ይወሰን። አዲስ አበባ ከሆነ አዲስ አበባ። ግን ለገበሬ ሪፈር ወረቀት ይዞ አዲስ አበባ መሄድ ማለት ከብት መሸጥ ነው። መንገዱም ሁልጊዜ አይሄድም። ቀጠሮው ከዚህ በስልክ ተይዞ፣ ምርመራው እዚሁ አልቆ፣ ሰውዬው ለሕክምናው ብቻ ቢሄድ ብዙ ይቀንስለታል። ይህ ገንዘብ ብዙ የማይጠይቅ፣ ሁለት ሆስፒታሎች የሚነጋገሩበት ጉዳይ ነው። አገልግሎቱ ቀድሞ ተጀምሮ እኔ ያልሰማሁ ከሆነም ደስ ይለኛል። እንግዲያው ለሕዝቡ ንገሩት።

የቀረው ለእናንተ ነው፣ ጨጓራ ለሚያማችሁ ወገኖቼ። ኢንዶስኮፒ ያስፈራል፤ ቱቦ መዋጥ ማን ይወዳል? ግን ጉሮሮ በመድኃኒት ይደነዝዛል፣ ካስፈለገም የሚያረጋጋ መርፌ ይሰጣል፤ ደቂቃዎች ናቸው። ከምርመራው በፊት ሳትበሉ መሄድ ነው፤ ለጿሚ አገር ይሄ አይከብድም። ጠበል የምትጠመቁ ተጠመቁ፤ ተልባውንም ጠጡ። ኢንዶስኮፒ ማንንም ከጠበል አያስቀርም። እኛ ጋ ስትመጡ ደግሞ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» ብለን ስንጠይቅ አትቆጡን። ከስታችሁ እንደሆነ፣ ሰገራችሁ ጠቁሮ እንደሆነ ስንጠይቅም ነገር ፍለጋ አይደለም።

መምሪያው መመሪያውን ሲያወጣ በአማርኛ፣ በትልቅ ፊደል አትሙልን። ለየመድኃኒት ቤቱ አንድ አንድ ቅጂ ላኩ፤ ዋጋ ዝርዝሩ አጠገብ እንለጥፈዋለን። መልስ ካላችሁም በማስታወቂያ ሰሌዳችሁ ላይ አውጡት፤ መጥቼ አነባለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጎንደር የምትሠራ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ